የእናት ዑምራ በማይል ካርድ፦ ቸኩለን የሰጠነው መልስ



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ስህተት ነው። ባለፈው ዓመት በረጀብ ወር፣ መግሪብ ተሰግዶ ጀመዓው ሲበተን፣ እኛም የልጆቹን ቁርኣን ወደ መደርደሪያው እየመለስን ሳለ ከአሜሪካ የድምፅ መልእክት ገባ። የላከው አብሮን የቀራ ወንድማችን ነው። ከአንድ ሸይኽ ፊት ቁጭ ብለን፣ ከአንድ ሰሐን በልተን ያደግን ነን። እሱ አሁን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ይተዳደራል። እናቱ ግን እዚሁ ደሴ፣ ከመስጂዳችን ሁለት ሰፈር አለፍ ብለው ይኖራሉ።

«እናቴን ዑምራ ላስደርጋት ነው» ይላል። «እዚህ ባንኮቹ ካርድ ይሰጣሉ። በካርዱ ዕቃ በገዛህ ቁጥር የአየር መንገድ ማይል ይቆጠርልሃል፤ ማይሉ ሲጠራቀም ትኬት ይሆናል። ሐላል ነው ወይ? ከሆነስ የቱን ካርድ ልምረጥ?»

አንድ ደቂቃ ተኩል በማይሞላ ድምፅ መለስንለት። «ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ከከፈልክ ወለድ የለብህም፤ ወለድ ካልከፈልክ ችግር የለውም። ብዙ ማይል የሚሰጠውን ምረጥ። አላህ ይወፍቅህ።» ከዚያ የዒሻ አዛን ሆነ፤ እኛም ረሳነው።

ከአስር ወር በኋላ ሲደውል ድምፁ ሌላ ሰው ነበር። «ማይሉ አለ» አለን። «ግን 2,400 ዶላር ዕዳ አለብኝ፤ ወለዱንም እየከፈልኩ ነው። ምን ላድርግ?»

እዚህ አገር ያለን ብዙዎቻችን በእጃችን ያለው የኤቲኤም ካርድ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። በኤቲኤም ካርድ የምናወጣው የራሳችንን ገንዘብ ነው፤ ሂሳባችን ውስጥ ከሌለ ካርዱ አይሠራም። የክሬዲት ካርድ ግን የሱቅ የዱቤ ደብተር ማለት ነው። ዕቃውን ስትገዛ የሚከፍለው ባንኩ ነው፤ አንተ ላይ ይጻፍብሃል። በወር አንድ ጊዜ የሂሳብ መግለጫ ይመጣል። በአሜሪካ ሕግ መግለጫው ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። በዚህ የእፎይታ ጊዜ ውስጥ ሙሉውን የከፈለ ሰው በገዛው ዕቃ ላይ ወለድ አይታሰብበትም። ከፍሎ ያልጨረሰ ግን የቀረው ላይ በየቀኑ ይታሰብበታል። እፎይታውንም ስለሚያጣ አዲስ የሚገዛው ዕቃም ከገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። የዚያ አገር የካርድ ወለድ በቅርብ ዓመታት በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። የወንድማችን 24 በመቶ ነበር፤ በወር 2 በመቶ መሆኑ ነው።

ታዲያ እንዴት ገባበት? ሂሳቡን አብረን በስልክ ቁጭ ብለን አወራረድነው። የመረጠው ካርድ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ሲሆን፣ «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 4,000 ዶላር ካወጣህ 60,000 ማይል ጉርሻ» ይላል። ዓይኑን የሳበው እሱ ነው፤ ብዙ ማይል የሚሰጠውን ምረጥ ያልነውም እኛ ነን። ነገር ግን ለምግብ፣ ለነዳጅና ለስልክ በወር የሚያወጣው 900 ዶላር ገደማ ነው። ቤት ኪራዩ በካርድ አይከፈልም። 900 በሦስት ወር 2,700 ነው፤ 1,300 ይጎድላል። የጎደለውን ለመሙላት ቴሌቪዥን ቀየረ፣ ሶፋ ገዛ። መቼም ሰው ለእናቱ ዑምራ እያለ ሲገዛ እጁ አይከብደውም። በሦስተኛው ወር መኪናው ተበላሸበትና ሁለት ሳምንት ሥራ ፈታ። መግለጫው ሲመጣ መክፈል የቻለው ከፊሉን ብቻ ነው፤ 2,600 ዶላር ዕዳ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ፣ በወር 78 ዶላር ገደማ፣ ይከፍል ጀመር። ከ78ቱ 52ቱ ወለድ ነው። በሰባት ወር ወደ 530 ዶላር ከፍሎ ዕዳው የቀነሰው ወደ 180 ዶላር ብቻ ነው። ቀሪው 350 ወለድ ሆኖ ሄደ። ቁርኣን ላይ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ስለ ዕዳና ስለ አጻጻፉ መሆኑን ስንቀራ ተገርመን ነበር። ያን ቀን ግን ለምን እንደሆነ የገባን መሰለን።

አሁን እጃችን እየተንቀጠቀጠ የምንጽፈውን ክፍል አንብቡልን። በመግለጫው ላይ አንድ ሌላ መስመር ነበር፤ 400 ዶላር፣ በገንዘብ መላኪያ ድርጅት በኩል፣ ወደ ኢትዮጵያ። ጥሬ ገንዘብ በክሬዲት ካርድ ማውጣት የእፎይታ ጊዜ የለውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል፤ ለብቻው ተጨማሪ ክፍያም አለው። ብዙ ባንኮች ደግሞ በካርድ ገንዘብ መላክን እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥሩታል። ማይል አይሰጡበትም፣ ለጉርሻውም አይቆጥሩትም። የሱም ባንክ እንዲሁ አደረገ፤ 20 ዶላር ቆርጦ ወለዱን ከዚያው ዕለት ጀመረ። ያ 400 ዶላር ለምን እንደተላከ ሲነግረን ምላሳችን ደረቀ። ለመስጂዳችን ምንጣፍ ነው። ረመዷን ሲቃረብ «ወንድሞቻችን አግዙን» ብለን የጠየቅነው እኛው ነን። አጥቶም እንቢ ማለት አፍሮ ነው በካርዱ የላከው። እኛ በዚያ ምንጣፍ ላይ ተራዊሕ ስንሰግድ እሱ ላይ ወለድ ይቆጠር ነበር።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ወደ ሸይኻችን ሄደን ሁሉንም ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ልጁ ደመወዙ የወር ነው ወይስ የቀን?»

«የቀን ነው፤ እንደሠራው ነው» አልናቸው።

«ያን ጊዜ ሲጠይቃችሁ ይህን ጠይቃችሁታል?»

አልጠየቅነውም። ሸይኻችን አልተቆጡንም። ስለ ካርዱ ብቻ መልሰን ስለ ሰውየው አለመጠየቃችንን ግን እንድናውቅ አደረጉን።

ስለ ብያኔው ደግሞ ዓሊሞች በአንድ ቃል እንዳልሆኑ አስረዱን። በኢስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ባሳለፈው 108ኛ ውሳኔው፣ ውሉ ውስጥ የወለድ ቅድመ ሁኔታ ያለበትን የዱቤ ካርድ ማውጣትም መጠቀምም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ተጠቃሚው በእፎይታው ጊዜ እከፍላለሁ የሚል ኒያ ቢኖረውም እንኳ። ምክንያቱም ፊርማው ራሱ «ከዘገየሁ ሪባ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ነው። በምዕራቡ ዓለም ከሚኖሩ ዓሊሞች መካከል ደግሞ የሚፈቅዱ አሉ። ያለ ክሬዲት ታሪክ ቤት መከራየት፣ ያለ ካርድ መኪና መከራየት የሚያስቸግርበት አገር ስለሆነ ሐጃው እውነተኛ ነው ይላሉ። እነሱም ቢሆኑ ያለ ገደብ አልለቀቁትም፤ ሐጃ መኖሩን፣ ገንዘቡ በእጅ መኖሩንና ሙሉውን በጊዜው መክፈልን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋሉ። ማይሉን በተመለከተ፣ ሪባ አበዳሪው ከተበዳሪው የሚወስደው ጭማሪ ነው። ማይሉ ግን ከአበዳሪው ወደ ተበዳሪው የሚሄድ ስለሆነ ለብቻው ሲታይ እንደ ስጦታ ያዩታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኛ በአንድ ደቂቃ ተኩል «ችግር የለውም» ያልነው ይህን ሁሉ ዘለን ነው። የፈቀዱትን ቃል ወስደን ቅድመ ሁኔታቸውን ጣልነው።

የሚፈቅዱትን ዓሊሞች ይዞ ካርድ የሚመርጥ ወንድም ወይም እህት በውጭ ካላችሁ፣ ከዚህ በታች ያለውን አድርሱልን። እኛ ዘግይተን የተማርነው ነው።

አንደኛ፣ የማይሉን ዋጋ በገንዘብ አስሉት። አንድ ማይል ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲም ያወጣል። ብዙዎቹ ካርዶች በተለመደ ግዢ ለ1 ዶላር 1 ማይል ይሰጣሉ። ስለዚህ 1,000 ዶላር ያወጣ ሰው 12 ዶላር ገደማ አገኘ ማለት ነው። ያንኑ 1,000 ዶላር አንድ ወር ቢያዘገየው በ24 በመቶ ወለድ 20 ዶላር ይከፍላል። የአንድ ወር መዘግየት የሁለት ወር ማይል ሊበላ ምንም አይቀረው።

ሁለተኛ፣ ጉርሻውን ትታችሁ ሁለተኛውን ዓመት አስቡ። ወንድማችን በወር 900 ቢያወጣ በዓመት 10,800 ማይል ነው፤ 130 ዶላር ገደማ ያወጣል። የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ 95 ሲቀነስ 35 ዶላር ይቀራል። ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸው፣ ከእያንዳንዱ ግዢ 2 በመቶ በገንዘብ የሚመልሱ ካርዶች አሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ቢሆን ኖሮ በዓመት 216 ዶላር ይመለስለት ነበር። ብዙ ለማያወጣ ሰው የማይል ካርድ ስሙ ነው የሚበዛው።

ሦስተኛ፣ ጉርሻው ያለ አዲስ ወጪ የማይደረስ ከሆነ ተዉት። የወንድማችን 64,000 ማይል በወረቀት 770 ዶላር ያወጣል። ያለ ካርዱ የማይገዛው ዕቃ 1,300፣ ወለዱ 350፣ ዓመታዊው 95፣ የገንዘብ መላኪያው ቅጣት 20፤ በድምሩ 1,765 ዶላር ነው። በ1,765 ዶላር የ770 ትኬት ገዛ።

አራተኛ፣ አየር መንገዱን እንደ መንገዳችሁ ምረጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው። ስለዚህ በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ ፕሮግራም የተጠራቀመ ማይል ለኢትዮጵያ አየር መንገድ መቀመጫ ይሠራል። የሳዑዲ አየር መንገድ ከዴልታ ጋር በስካይቲም ውስጥ ነው፤ ኳታር ከአሜሪካን ጋር በዋንወርልድ ውስጥ ነው። በማይሉ ለሌላ ሰው ስም ትኬት መቁረጥ ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላለች እናት ወደ ጂዳ የሚሆን ማለት ነው። ነገር ግን የማይል ትኬት ነጻ አይደለም፤ ታክሱና ሌላው ክፍያ በገንዘብ ይከፈላል። በማይል የሚሰጠው መቀመጫም ውስን ነው፤ ሁሉም ሰው መሄድ በሚፈልግበት ወቅት ደግሞ ይጠፋል። አየር መንገዶቹም ለአንድ ትኬት የሚጠይቁትን የማይል ብዛት ሊጨምሩት ይችላሉ። «የመጀመሪያው ሻንጣ በነጻ» የሚለው ጥቅምም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ካርዱን በሰጠው አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ነው። በዩናይትድ ካርድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚበር ሰው አይጠቅመውም።

አምስተኛ፣ ካርዱ በውጭ አገር ግዢ ላይ ይቆርጥ እንደሆነ እዩ። አንዳንዶቹ 3 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። መካ ወይም አዲስ አበባ ላይ ስትጠቀሙበት ማይሉን ከነእናቱ ይወስደዋል።

ስድስተኛ፣ የሁሉ ቁልፍ ይህ ነው፤ ሙሉው ሂሳብ በራሱ ከባንክ ሂሳባችሁ እንዲከፈል በመጀመሪያው ቀን እዘዙ። «ዝቅተኛውን ክፍያ» አይደለም፤ ሙሉውን። ይህን ለማዘዝ የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ ገቢያችሁ አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር የሚጎድል ከሆነ፣ ካርዱ ለእናንተ አይደለም። ገንዘብም በክሬዲት ካርድ አትላኩ፤ ለዒድም፣ ለለቅሶም፣ ለመስጂድም ቢሆን።

አንድ ነገር እንጨምር። ማይሉ ከሰማይ አይወርድም። ነጋዴው ካርድ በተቀበለ ቁጥር ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይቆረጥበታል። እዚያ እንጀራና በርበሬ የሚሸጥ ወገናችንም ይቆረጥበታል። እሱም ዋጋው ላይ ስለሚጨምረው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ሰው አብሮ ይከፍላል። ባንኩ ደግሞ ከሚያገኘው ትልቁ እንደ ወንድማችን መክፈል ካቃታቸው ሰዎች የሚሰበሰበው ወለድ ነው። በጊዜው የሚከፍለው ሰው ማይል፣ መክፈል ያቃተው ሰው ወለድ፤ ሁለቱም በአንድ ድርጅት መዝገብ ላይ ናቸው። ይህን ስናውቅ «ነጻ ትኬት» የሚለውን ቃል ከአፋችን አወጣነው።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። ሸይኻችን ያኑ ሳምንት የመስጂዱን ኮሚቴ ሰብስበው ጉዳዩን ስም ሳይጠሩ ነገሯቸው። «ምንጣፉ የሰው ዕዳ ላይ ተነጥፏል፤ እናንሳው» ነው ያሉት። ከጁሙዓ ሁለት ሳምንት በኋላ የ400 ዶላሩ ልክ በብር ተሟላ። ገንዘቡን ወደ አሜሪካ መላክ አላስፈለገም። ወንድማችን በየወሩ ለእናቱ 150 ዶላር ይልክ ስለነበር፣ የተሰበሰበውን ብር ለእናቱ ሰጠን። እሱ ደግሞ ለሦስት ወር ገደማ የሚልከውን አቁሞ ዕዳው ላይ አዋለው። ቴሌቪዥኑን በግማሽ ዋጋ ሸጠ፤ ካርዱን በመቀስ ቆረጠው። ዛሬ የቀረበት ከ1,000 ዶላር በታች ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ብሩን ለእማማ ያደረስነው እኛ ነን። ልጃቸው ራሱ በስልክ አስረድቷቸው ስለነበር ሁሉንም ያውቃሉ። ቡና እያፈሉ ስለ ማይሉ ጠየቁን፤ ማይሉ እስካሁን እንዳለና ለጂዳ ትኬት እንደሚበቃ ነገርናቸው። ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር።

«ዕዳው አልቋል?» አሉ።

«አላለቀም፣ እማማ። ኢንሻአላህ ጥቂት ወር ነው።»

«እንግዲያው ትኬቱ ይቆይ» አሉና ስኒውን አቀበሉን። «እኔ ጠዋፍ ሳደርግ ልጄ ወለድ እየከፈለ?»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም አልጨመርንም።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በውጭ ያለ ወንድማችሁን ስልክ፣ ጫማ፣ መዋጮ ከመጠየቃችሁ በፊት በመጀመሪያ «ሥራ እንዴት ነው?» በሉት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ከሌለውም «የለኝም» ብሎ እንዳያፍር አድርጋችሁ ጠይቁት። ሁለተኛው፣ የድምፅ መልእክት ተልኮላችሁ ሐላል ነው ሐራም ነው ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ከሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁና የጠያቂውን ኑሮ ሳትረዱ አትመልሱ። «ነገ ልደውልልህ» ማለት ከዕውቀት የሚያጎድል አይደለም። እኛ ያን ቀን ማታ ከዒሻ በኋላ ደውለን አሥር ደቂቃ ብናወራው ኖሮ፣ ስለ መኪናውም፣ ስለ ገቢውም፣ ስለ ምንጣፉም እንሰማ ነበር።

ለወንድማችን የቀረውን ዕዳ አላህ ያቅልለት፣ እማማንም ከዕዳ በጠራ ትኬት ቤቱን ለመዘየር ያብቃቸው። እኛንም ቸኩለን ለመለስነው ይማረን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።